የዊንጌት ልጆችና የተፈታው መጽሐፍ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉን የማታከብሩም ብቅ በሉ፣ ቡናው የጋራ ነው።

ይህን የምጽፈው በዋዜማው፣ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ነው። የዶሮ ሽንኩርት ደግሞ አይቸኩልም፤ ስለዚህ ትንሽ ላውጋችሁ።

እኛ ቤት ገና የዊንጌት ልጆች የሚመጡበት ቀን ነው። “ልጆች” የምላቸው ሰማንያን የያዙና ሊይዙ የተቃረቡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አባቴና ጓደኞቹ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት እንደዚያ ነው። አንዱ በከዘራው እየተደገፈ ይመጣል። አንዱን ልጁ በመኪና ያደርሰዋል። አንዱ ደግሞ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በዋትሳፕ ነው የሚገኘው፤ ስልኩን ከድፎ ዳቦው ጋር አስደግፈን እናቆመዋለን፤ እሱም ከዚያ ሆኖ “እስኪ ወጡን አሳዩኝ” ይላል።

ዛሬ የታክሲ ረዳት “ዊንጌት! ዊንጌት!” ሲል ሰፈሩን ነው የሚጠራው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከትምህርት ቤቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከአንድ እንግሊዛዊ መኮንን። ኦርድ ዊንጌት “ጌዲዮን” የተባለውን ጦር እየመራ ከአርበኞቻችን ጋር በጎጃም በኩል የተዋጋ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ አብሮ የገባ ሰው ነው። በ1936 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በስሙ የተሰየመው ትምህርት ቤት በፈረንጆች 1946 ተከፈተ፤ ጳውሎስ ሆስፒታል ካለበት ሰፈር አይርቅም። የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ከእንግሊዝ የመጡ መምህራን ያስተምሩበት፣ ጂ.ሲ.ኢ. የሚባለው የለንደኑ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናም ይሰጥበት ነበር። ዛሬ ግቢው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል።

አባቴ እዚያ የገባው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ጥሩ አድርጎ ያለፈ የክፍለ ሀገር ልጅ ነበር። አልጋው ጎን ከሐረር የመጣ ልጅ፣ ከፊቱ ከአድዋ የመጣ፣ ከበሩ በኩል ደግሞ ከወለጋ የመጣ። ማታ ማታ ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ሕልም ያወራ ነበር ይላል። ቀን ላይ ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚቀላለዱት፤ አሁንም ሲሳደቡ በእንግሊዝኛ ነው።

ጉራው አይጣል ነው። በእርግጥ የድሮ ተማሪ ሁሉ እንዲህ ነው። የተፈሪ መኮንን ልጆች “እኛ በ1917 ነው የተከፈትነው” ይላሉ። የምኒልክ ልጆች 1900ን ይጠሩላችኋል። የኮተቤዎቹ ደግሞ “ውጤት እንነጋገር” ነው የሚሉት። አባቴ ለዚህ መልስ አለው፦ “በዕድሜ ቢሆን ኤሊ ዶክተር ይሆን ነበር።” የመለስ ዜናዊ ስም ሲነሳ ግን ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ለገሠ ተብሎ ይጠራ በነበረበት ዘመን እዚያው ተምሮ በ1964 ዓ.ም. ነው የጨረሰው። አንዳንዶቹ “የኛ ልጅ” ይሉታል፣ አንዳንዶቹ “ከኛ በኋላ ነው፣ እኛን አይመለከተንም” ይላሉ። በዚህ ጊዜ እናቴ ጠላ መቅዳት ትጀምራለች። ብልህ ሴት ናት።

ለገና የሚሆነውን ታሪካቸውን ልንገራችሁ።

የእንግሊዞቹ ገና ታኅሣሥ 16 ነው የሚውለው፤ የኛ 29። አንድ መምህርና ባለቤቱ ቤተሰብ የራቃቸውን ልጆች በእነሱ ገና ቤታቸው ይጠራሉ። ልጆቹ ፀጉራቸውን በውኃ አስተኝተው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ይሄዳሉ። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር፣ ከባድ፣ ዘቢብ የሞላው ኬክ ተቀምጧል። ችግሩ ጾመ ነቢያት ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ወተትም እንቁላልም በአፋቸው አልዞረም። ሴትዮዋ ደግሞ ፈገግ ብላ እየቆረሰች ታድላለች። እምቢ ማለት ነውር፣ መብላት ኃጢአት። አንዱ “ዳቦ እኮ ነው” ብሎ ራሱን አሳመነና ሁለት ጊዜ አስጨመረ። አንዱ እጁ ላይ እንደያዘው ሻዩን ጨረሰ። አባቴ ድርሻውን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፤ ማደሪያ ሲደርስም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት።

ታኅሣሥ 29 ጠዋት ሳጥኑ ተከፈተ። ኬኩ ምንም አልሆነም። በሰንጢ እየቆራረጠ ለመኝታ ክፍሉ ልጆች አደለ። በ16 የገደፉትም ምንም ሳያፍሩ ተሰለፉ። የእንግሊዝ የገና ኬክ ሳይበላሽ የሚቆየው ብራንዲ ስለሚጠጣ ጭምር መሆኑን የሰማው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። “ጾሜን ጠብቄ አረቄ በላሁ” ይላል እስከ ዛሬ።

ከሰዓት በኋላ ገና ይጫወታሉ። ዱላው ከየዛፉ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። መምህሩም የሆኪ ዱላውን ይዞ ገባ፤ ሕጉ ያው መስሎታል። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” የሚለውን የነገረው አልነበረም መሰለኝ። በዓመቱ ውስጥ የቀጣው ሁሉ ያን ዕለት ጥንጓን ትቶ የሱን እግር ፍለጋ ሄደ። ሰውዬው እያነከሰ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። በዚህ እስከ አሁን ያከብሩታል።

እናቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ የምትለው አንድ ነገር አላት፦ “እኛ ስድስት ኪሎ ላይ በግ ስንጠብቅ ነበር እንዴ?” እሷ የእቴጌ መነን ልጅ ናት። ያ የሴቶች ትምህርት ቤት በፈረንጆች 1931 ነው የተከፈተው፤ ከዊንጌት በፊት። ግን ዙሪያውን የተቀመጡት ወንዶች አንድም ቀን “ያንቺስ እንዴት ነበር?” ሲሏት ሰምቼ አላውቅም። እኔ ጠይቄያታለሁ። እሷ ስትገባ ታላቅ እህቷ ቤት ቀርታለች። አንድ ሰው ለእናታቸው እንጨት መልቀም ነበረበታ።

በጨዋታው መሀል የአንዳንድ ልጆች ስም ይነሳል። “እሱ ቢኖር” ይባላል። በዘመቻው፣ በቀይ ሽብሩ፣ በየጦር ሜዳው ያለቁ ናቸው። አይዘረዝሩም፣ እኔም አልጠይቅም። ወዲያው ወደ ኬኩ ይመለሳሉ።

አሁን ወደ አምናው ገና ልውሰዳችሁ።

ምሳ ተበልቶ ቡና እየተፈላ ነው። ወሬው እንደተለመደው “ያኔ ትምህርት ነበር!” ላይ ደረሰ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ተማሪ ተቀምጦ፣ ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ለሽማግሌዎቹ ይህ ቁጥር ቅመም ነው። በ2015 3.2 ሆነ፣ በ2016 5.4፤ እነሱ ግን ያቺን 3 በመቶ አይለቋትም። “እኛ ክፍል የወደቀ አልነበረም” አለ አንዱ። “ይሄ ትውልድ ስልክ እየነካካ…” ብሎ ሌላው ቀጠለ። ያን ሲል የሲልቨር ስፕሪንጉን ሰውዬ ስልክ እያስተካከለ ነበር።

የእህቴ ልጅ ያኔ 12ኛ ክፍል ነበረች። (አልፋለች። ባታልፍም ጥያቄዋ ጥያቄ ነው።) ስኒ እያነሳች፣ ከከፋ የመጡትን ጋሼ ጠየቀቻቸው።

“ጋሼ፣ እርስዎ ከተማሩበት አንደኛ ደረጃ ስንት ልጅ ዊንጌት ገባ?”

“እኔ ብቻ ነኛ!” አሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

“ከእርስዎ ጋር አንደኛ ክፍል የጀመሩትስ ስንት ነበሩ?”

አሰቡ። “ኧረ ብዙ ነን። ሠላሳ አርባ እንሆናለን።”

“እንግዲህ ያም እኮ 3 በመቶ ነው፣ ጋሼ።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ እንኳ “በሒሳብ ያዘችህ!” ብሎ ጉልበቱን መታ። እሳቸው ግን ከሳቁ ቶሎ ወጡ፤ እስከዚያ ቀን ሰምተነው የማናውቀውን አወሩን።

ትምህርት ቤታቸው ቦንጋ አካባቢ ነው። መምህራቸው እራሱ ከስምንተኛ ክፍል ያልዘለለ ወጣት ነበር። ለሒሳብ የነበረው አንድ መጽሐፍ ነው፤ አንድ ብቻ፣ የእንግሊዝኛ። ሰሌዳ ላይ እየገለበጠ ሞከረ፣ አልሆነም። አንድ ቀን መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ ልጆቹ እያዩት፣ ስፌቱን በምላጭ ፈታው። ምዕራፍ ምዕራፉን ለየና እያንዳንዱን በጆንያ መርፌ መልሶ ሰፋው፤ ለሽፋን ካርቶን አለበሰው። ለፈተና ለሚደርሱት ልጆች አንዳንድ ክፍል ሰጣቸው። አርብ አርብ ይቀያየራሉ። አንዱ ልኬትን፣ አንዱ መቶኛን፣ አንዱ ስፋትና ይዘትን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ክፍልፋይ የደረሰው ቤቱ ሩቅ የሆነ ልጅ ነበር። የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ ቀረ። ክፍልፋይም ከሱ ጋር ቀረች። መምህሩ ቅዳሜ በእግሩ ሄዶ አመጣት፤ ሰኞ ልጁ ራሱ መጣ፤ ገጾቹን በቃሉ ይዟቸዋል። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያለ መጽሐፍ አስተማራቸው። “እኔ ክፍልፋይን ያወቅኋት ከሱ አፍ ነው” አሉ ጋሼ። ከዚያ የልጁ አባት ሞተ። ሚኒስትሪ አልተፈተነም።

ዊንጌት ሲገቡ ለያንዳንዱ ትምህርት ሙሉ መጽሐፍ ተሰጣቸው። ሒሳቡን ገልጠው መጀመሪያ የፈለጉት ክፍልፋይን ነው። እዚያው ነበረች፤ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ተሰፍታ።

“ከኔ የሚሻል ልጅ ነበር” አሉ። “ዊንጌት ጎበዝ አላደረገኝም። ጎበዝ ሆኜ ነው የተላክሁት። የላከኝ ደግሞ ያ በምላጭ መጽሐፍ የፈታው ሰው ነው።”

ይህን ከሰማሁ ወዲህ “ያኔ ትምህርት ነበር” ሲባል ያ ልጅ ድቅን ይልብኛል። ነበር፣ አዎ። ለተመረጡት። መንግሥት አብልቶ፣ አስተኝቶ፣ ከእንግሊዝ መምህር አምጥቶ ያስተማራቸው ጥቂቶች ጎበዝ ቢሆኑ ምን ይገርማል? የዛሬው ፈተና ላይ የሚቀመጠው መቶ ሺህዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት እየተጋሩ የመጡ። አምና በ2017ቱ ፈተና ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደርሷል። ደስ አይልም፤ ይሁን እንጂ የልጆቹን ስንፍና ብቻ የሚያሳይ ቁጥር አይደለም። የክፍልፋዩ ልጅ ዛሬ ቢሆን ፈተና ላይ ይቀመጣል። ያኔ ከቁጥሩም አልገባም። የእናቴ እህትም አልገባችም።

ያን ዕለት ከቡናው በኋላ ለመዋጮ ባርኔጣ ዞረ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ከሁሉም በላይ ላከ፤ ከሁሉም በላይ እንዲናገር ተፈቀደለት። በዓመቱ ውስጥም ተጨማሪ ተሰበሰበ። እንደምታውቁት ከ2015 ጀምሮ ትምህርት ሚኒስቴር “ትምህርት ለትውልድ” እያለ ሰው ሁሉ የተማረበትን ትምህርት ቤት እንዲደግፍ ይጠይቃል። አባቴ ወዲያው ዊንጌት ግቢ ውስጥ ስማቸው የሚቀረጽበት ነገር አሰበ። ጋሼ ግን “የተማርንበት ሲባል መጀመሪያ የተማርንበት ነው” ብለው ገገሙ። በስንት ክርክር ገንዘቡ ወደ ከፋ እንዲሄድ ተወስኗል።

እናንተም ነገ ስልክ ስትደዋወሉ፣ ዱባይም ሁኑ ቴል አቪቭ ወይም ፍራንክፈርት፣ አባትና እናቶቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ስለ ትልቁ ትምህርት ቤት አይደለም፤ እሱን ሳትጠይቋቸውም ያወሩላችኋል። ፊደል ያስቆጠራቸው፣ ሚኒስትሪ ያስፈተናቸው መምህር ማን እንደነበረ ጠይቋቸው። አብሯቸው ጀምሮ የቀረው ማን እንደሆነም። እናንተ ጋ የወጣውን ታሪክ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።

ነገ ሽማግሌዎቹ የሚከራከሩት ገንዘቡ ምን ይገዛ በሚለው ነው። አባቴ የቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ይላል። የሲልቨር ስፕሪንጉ ላፕቶፕ ካልሆነ ብሏል። ጋሼ መጽሐፍ ብቻ ነው የሚሉት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ፣ ሙሉውን። እናቴ ደግሞ ዘንድሮ የመናገሪያ ተራ ጠይቃለች፤ ለሴቶቹ ልጆች መጸዳጃ ቤት ሳይሠራ ስለ ጣሪያ መስማት አልፈልግም ብላለች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ሽንኩርቱ ቀልቷል፣ በርበሬው ሊገባ ነው፣ ልሂድ። መልካም ገና!