ሰማዩ ለምን ጠቆረ?

ሰሞኑን ማታ ማታ ስልኬን ወዲያ አድርጌ የጥቁርና ነጭ መልክዓ ምድር ፎቶ መጻሕፍት ሳገላብጥ አመሻለሁ። አንድ ገጽ ላይ ብዙ እቆያለሁ። ለመጨረስ አልቸኩልም።

ደጋግሜ የምመለስበት አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ ውስጥ ሃፍ ዶም የሚባለውን ግዙፍ ዓለት አነሳ። መጀመሪያ ሌንሱ ላይ ቢጫ ፊልተር (ባለቀለም የብርሃን ማጣሪያ) ነበር ያደረገው። እንዳነሳ ግን ሰማዩ ፈዞ እንደሚወጣ ገባው። እሱ ደግሞ ዓለቱ ፊት ቆሞ የተሰማው እንደዚያ አልነበረም። የቀረችው ፎቶ የሚቀረጽባት አንዲት የመስታወት ኔጋቲቭ ብቻ ናት። ቢጫውን አውልቆ ደማቅ ቀይ ገጠመ። ቀይ ፊልተር ሰማያዊ ብርሃን አያሳልፍም፤ ስለዚህ ሰማዩ ጠቁሮ ወጣ። ዓለቱ ከዚያ ጥቁረት ውስጥ ገፍቶ ይመጣል፤ በረዶው ያበራል።

ይሄ ማጭበርበር ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። በጭራሽ አልስማማም። ቀለሙን ያወጣህ ዕለት እኮ «እንዳለ ማሳየት» የሚባለው ነገር አብሮ ሄዷል። ከዚያ በኋላ የቱ ይጥቆር፣ የቱ ይንጣ የሚለውን የሚወስነው ፎቶ አንሺው ነው። ይህን ካየሁ ወዲህ ካሜራዬን ከማንሳቴ በፊት ጥላው የት እንደወደቀ አያለሁ። ድሮ ቀድሞ የሚስበኝ ቀለም ነበር።

ሌላው እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ ከምትባል ትንሽ መንደር በላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሳው ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ የብርሃን መለኪያውን ቢፈልግ አጣው። የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ስለነበር አስልቶ አነሳ። ሊደግም ሲል የመንደሯ መቃብር መስቀሎች ላይ ያረፈው ብርሃን ጠፋ። ከዚያች አንዲት ኔጋቲቭ ለዓመታት ሲያትም ኖረ። ቀደምት ኅትመቶቹ ላይ ሰማዩ ላይ ስስ ደመና ይታያል፤ የኋለኞቹ ላይ ሰማዩ ድቅድቅ ሊሆን ምንም አልቀረው። በወጣትነቱ ፒያኖ ተጫዋች ለመሆን ይለማመድ ነበርና ኔጋቲቭን በሙዚቃ ኖታ፣ ኅትመቱን በጨዋታው ይመስለው ነበር። ሁለቱን ኅትመቶች ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ በጣም ደስ ይለኛል። አንዴ ባነሳው ፎቶ ላይ ሐሳቡን እስኪያረጅ ድረስ ሲያጠራ ኖሯል።

ልቤን የነካው ግን የብራዚላዊው ፎቶ አንሺ የሴባስቲያዎ ሳልጋዶ «ጀነሲስ» የተባለው የፎቶ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው። ሰውዬው ከላሊበላ ተነስቶ በእግሩ እስከ ሰሜን ተራሮች ተጉዟል። በስንት ፎቶ ያየሁትን አገር እሱ መጽሐፍ ውስጥ እንደ አዲስ አየሁት። እኛ ሰሜንን የምናነሳው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ አረንጓዴው ሲያምር። በእሱ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን አረንጓዴው ሲቀር የገደሉ ቅርጽ ብቻውን ይወጣል፤ ሸንተረሩ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየሳሳ ግራጫ ይሆናል።

ጓደኞቼ በበጋ አትሂድ፣ ሁሉም ደርቋል ይሉኛል። እኔ የምፈልገው ግን እሱኑ ነው። ጥር ላይ ፈቃድ ወስጄ እሄዳለሁ።