አሉታዊ ገጸ ባሕርይ አያለቅስም

ደላላው ይማም በሬዲዮ ሲያለቅስ የሰሙ ብዙዎች ናቸው። እንዳያለቅስ በጽሑፍ ተከልክሎ እንደነበር የምናውቀው ግን ጥቂቶች ነን። ክልከላው በቀይ እስክሪብቶ፣ በስክሪፕቱ ኅዳግ ላይ፣ ከእነ ፊርማው ነበር የተጻፈው።

ስለ ሕገ ወጥ ስደት ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ እንጽፍ ነበር። ለጋሽ፣ አማካሪና የገምጋሚዎች ኮሚቴ ያለው ሥራ ነው፤ አንድ ክፍል ስቱዲዮ እስኪገባ ድረስ የስንቱን እጅ እንደሚያልፍ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል። ዘዴውም የታወቀው የሚጌል ሳቢዶ ዘዴ ነው። ሜክሲኳዊው የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በአገሩ ቴሌቪዥን ጀመረው፤ ከዚያ ሬዲዮም ተቀብሎት እኛ ድረስ መጣ። አዎንታዊ ገጸ ባሕርይ አለ፣ አሉታዊ አለ፣ በሁለቱ መካከል የሚዋልል ተሸጋጋሪ አለ። አሉታዊው መጀመሪያ ይሳካለታል፣ በኋላ የእጁን ያገኛል። ተሸጋጋሪው ወድቆ ይነሣል፣ ሰሚውም ከእሱ ጋር ይማራል። በወረቀት ላይ ሲያዩት በጣም ያምራል።

እኔ የጸሐፊዎቹ አስተባባሪ ነበርኩ። ከመካከላችን ታናሿ ከሐይቅ ከተማ የመጣች ልጅ ናት። ስብሰባ ላይ ብዙ አትናገርም፤ የምታስረክበው ጽሑፍ ግን ያናግራል።

ከተማችንን የመሠረትናት ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስሟን እኛ ብናወጣላትም፣ የባቲን የሰኞ ገበያ የረገጠ ሰው ከየት እንደቀዳናት አይጠፋውም፤ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ የሚገናኝበት ገበያ ነው። የከተማዋን ካርታ ስለን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው፤ ወፍጮ ቤቱ እዚህ፣ መናኸሪያው እዚያ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በዚህ በኩል። ማን ለማን ስንት ብር እንዳለበትም በሌላ ወረቀት ጽፈን ነበር። በእኔ እምነት ከካርታው ይልቅ የዕዳ ዝርዝሩ ነው ከተማዋን ከተማ ያደረጋት። የደላላውንም ስም ይማም ያልነው አስበንበት ነው፤ ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠራበታል። ሰሚው «የእነ እገሌ ወገን ነው» ብሎ እንዲገላገል አልፈለግንም።

የመጀመሪያው ግጭት የመጣው በከተማዋ ምክንያት ነው። አማካሪያችን፣ ዶክተር ነው የምንላቸው፣ «ከተማዋ ሞቃታማ መሆኗ በንግግር ይገለጽ» የሚል አስተያየት ላኩ። አንዱ ገጸ ባሕርይ ግንባሩን እየጠረገ «ኧረ የዚች አገር ሙቀት!» እንዲል ማለታቸው ነው። ተወልዶ ባደገበት ከተማ ስለ ሙቀቱ የሚደነቅ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በሬዲዮ ግንባር ሲጠረግ እንደማይሰማም ማስታወስ ነበረብኝ፤ ግን ተውኩት።

የሐይቋ ልጅ አስተያየቱን አንብባ ዝም አለች። በማግስቱ አንዲት አጭር ትዕይንት ይዛ መጣች። ሁለት ሴቶች ገበያ ውስጥ በመደብ ይጣላሉ። ከግራሩ ሥር ያለችው መደብ ኪራይዋ ከሌሎቹ በአምስት ብር ይበልጣል። አንደኛዋ ጥላው ወደ እኔ ዞሯል፣ ልዩነቱን አንቺ መክፈል አትችይም ትላለች፤ ሁለተኛዋ ፀሐይዋ ገና አልተዛወረችም ብላ ትሟገታለች። በትዕይንቱ ውስጥ ሙቀት የሚል ቃል የለም። ድምፁ ተቀርጾ ስንሰማው የስቱዲዮው ቴክኒሻን ተነሥቶ መስኮት ከፈተ።

ዶክተር ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። «ጥላና ስደት ምን አገናኛቸው?»

ይህን ጥያቄ ሳስታውስ አሁንም ፈገግ እላለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ሙሉ ታሪኩን ወለደው። ፀሐይ ላይ የምትሸጠው ሴት የተሸጋጋሪዋ ገጸ ባሕርያችን እናት ሆነች። ይማም ልጅቷን ሲያግባባ ስለ ሳዑዲ ፎቅም ስለ ወርቅም አንዲት ቃል አይናገርም። ስለ ወርቁ ማንም ያወራል፤ ማንም ደግሞ ሰምቶ ጠግቦታል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችንን ማባረር ስትጀምር እነዚህ ከተሞች የተመለሱትን በዓይናቸው አይተዋል፤ የጅቡቲን በረሃ፣ የኦቦክን ወደብ፣ ወደ የመን የሚያሻግረውን ጀልባ በስም ያውቁታል። ይማም ይህን ሁሉ ዘለለው። ከግራሩ ሥር ያለችውን መደብ የአንድ ወር ኪራይ ከኪሱ ከፈለና «እናትሽ ፀሐይ አይምታት ብዬ ነው» አላት። በቃ። ልጅቷ ሄደች።

ከዚያ ጀልባው ተገለበጠ። አስከሬን የለም፤ ድንኳን ተተከለ። ይማም ለቅሶ ቤት ይመጣል። የድንኳኑንም ኪራይ የከፈለው እሱ ነው። «ፈጣሪ ያጥናችሁ» ይልና ያለቅሳል፤ ከልቡ ያለቅሳል። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም ብሎ አባትየውን ይጠይቃል፦ «ታናሺቱ ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰች እንዴ?»

የሚሰማው ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለውጭ አገር ሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ስምንተኛ ክፍልን ማጠናቀቅ አለበት ይል ስለነበር፣ በእነዚያ ከተሞች ስምንተኛ ክፍል የትምህርት ደረጃ ብቻ አልነበረም። ክፍሉን ያነበብነው ሁላችንም እዚያች ጥያቄ ላይ ስንደርስ ወረቀቱን አስቀመጥን።

ዶክተር አላስቀመጡም። የግምገማው ዕለት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ይህ ሰው ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?»

«ስላዘነ ነው፣ ዶክተር» አለች የሐይቋ ልጅ።

«የኔ ልጅ፣ አሉታዊ ገጸ ባሕርይ ነው እኮ።»

«አዎ።»

«አሉታዊ ገጸ ባሕርይ አያለቅስም።»

ይህንን ሲሉ ቀልድ መስሎኝ ሌሎቹን አየሁ። የኮሚቴው አባላት ማስታወሻ እየያዙ ነበር።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። በራሳቸው ዘዴ ተከራከርኳቸው፤ ተሸጋጋሪዋ የምትዋልለው አሉታዊው የሚስብ ነገር ሲኖረው ነው፣ ገና በሩን ሲከፍት ክፋቱ የሚታይ ደላላን አምና የምትከተል ልጅ ሰሚው ሞኝ ናት ብሎ ይፈርድባታል፣ ከሞኝ ደግሞ ማንም አይማርም አልኩ። ሰሚው ራሱ በይማም መታለል አለበት፤ ያልተታለለ ሰሚ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት የሚሰማ ጎረቤት ሆኖ ነው የሚቀረው። ደላላው ክፉ መሆኑን ራሱ አያውቅም፤ ሥራ እየሠራ፣ ሰው እየረዳ ይመስለዋል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

«ሰሚው ቢወደውስ?» አሉ።

«ይውደደው፤ በኋላ በመውደዱ ያፍራል» አልኩ። ይህችን አባባሌን በጣም ወድጃት ነበር።

ዶክተር ራሳቸውን ነቀነቁ። የሐይቋ ልጅ እስክሪብቶዋን እየከደነች፣ ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው የምትነግር ይመስል፣ «እኛ ቤት የመጣው አልቅሷል» አለች።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እኔም ይህንን ስለ እሷ አላውቅም ነበር። ዶክተር ከልባቸው «በጣም አዝናለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ። እውነትም አዝነዋል፤ ድምፃቸው ተለውጧል። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና ቀዩን እስክሪብቶ አንሥተው ኅዳጉ ላይ ጻፉ፦ «ለቅሶው ይውጣ። ከቤት ሲወጣ የተንኮል ሳቅ ይግባ።» ፈረሙበት።

ልብ በሉ፤ ከልባቸው አዝነው ሳለ ነው ይህን የጻፉት። በዚያች ደቂቃ ከይማም የሚለያቸው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከሥራ እባረር ነበርና አልጠየቅሁም።

ስክሪፕቱ ታርሞ ስቱዲዮ ገባ። ይማምን የሚጫወተው በመድረክ ያረጀ፣ ብዙ የማይናገር ተዋናይ ነበር። ጋሼ ነው የምንለው። ወረቀቱን አንብቦ ጠራኝ።

«ይህ ሰው ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ብቻውን እየሄደ ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ የሚስቀው ማን እንዲሰማው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። «የኮሚቴ ውሳኔ ነው» አልኩት።

«እሺ። ኮሚቴው ሳቅ ካለ ሳቅ ነው» አለና ገባ።

የአባትየውን መልስ ሰምቶ፣ ጫማው ጠጠር ላይ ሲሄድ ይሰማል፤ ቴክኒሻኑ ያንን በሣጥን አፈር ነው የሚሠራው። ከዚያ ሳቁ መጣ። አጭር ነው፣ በአፍንጫ የሚወጣ ዓይነት። ሁለተኛው ሳቅ መሃል ላይ ትንፋሹ ተቆረጠ። ሦስተኛው ሳቅ አልነበረም። ጋሼ ከማይክሮፎኑ ትንሽ ዞር ብሎ አፉን በእጁ ያፈነ ይመስለኛል፤ የሚሰማው የታፈነ ነገር ብቻ ነው፣ ከዚያም ጠጠሩ። አዘጋጁ ከመስታወቱ ወዲያ ማቆሚያውን ሊጫን የነበረ እጁን አየር ላይ ያዘው። ማንም «ድገመው» አላለም።

ኮሚቴው የተቀረጸውን ሲያዳምጥ ስክሪፕቱን ይዞ፣ በየመስመሩ ምልክት እያደረገ ነው። «ሳቅ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ሳቅ ሰሙ፤ ምልክት አደረጉ። ዶክተር ወደ እኔ ዞረው «አያችሁ ሳቁ ምን ያህል እንደሠራ? ደሜን ነው ያቀዘቀዘው» አሉ። የሐይቋ ልጅ ጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለእኔ ጥሩ ነበር። የስልክ መስመሩ ግን አለ።

ክፍሉ በተላለፈ ሳምንት ሰሚዎች ደወሉ። የሚያለቅሱ ነበሩ፣ የሚራገሙም ነበሩ። ከደዋዮቹ አንዳንዶቹ ግን፣ ስልክ ተቀባይዋ ሳትጨምር ሳትቀንስ እንደመዘገበችው፣ የይማምን አድራሻ ነው የጠየቁት። አንዷ ሴት «ሌሎቹ ደላሎች ልጅቷ ስትሞት ስልክ እንኳን አያነሡም። እሱ ግን አዛኝ ነው። በእሱ በኩል ብትሄድ ይሻላል» ብላ የልጇን ስም አስመዝግባለች።

መዝገቡን ደጋግሜ አነበብኩት። «በመውደዱ ያፍራል» ያልኩት ሰሚ አድራሻ እየጠየቀ ነው። ዶክተር ፈርተው የነበረው ነገር ይኸው ነበር፤ ትክክል ነበሩ። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፣ ዛሬም ቢሆን የምነግራቸው በዚህ ጽሑፍ ነው።

የሐይቋ ልጅ ግን መዝገቡን ስታይ አልደነገጠችም። «እናቴም እንዲህ ብላ ነበር» አለችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የጻፈችው ትዕይንት ግማሽ ገጽ አይሞላም። ይማም ለራሱ ሴት ልጅ ደሴ ላይ የግል ትምህርት ቤት ይከፍላል። ልጅቷ ጓደኞቿን አይታ «አባባ፣ እኔም ልሂድ?» ትለዋለች። ይማም በጥፊ ይመታታል። ከዚያ ወጥቶ ሰኞ ገበያ ይሄዳል፣ እንደተለመደው ሰላምታ እየሰጠ። በቁጣ የተመታው ጥፊ ድምፁ ከሳቁም ከለቅሶውም ይልቅ ተሰማ። አድራሻ የሚጠይቁት ቀሩ፤ በምትኩ ለይማም የሚደርስ ስድብ መጣ፣ ለማመን የሚያስቸግር ስድብ። ስልክ ተቀባይዋ ጥቂቱን ብቻ ነው መጻፍ የቻለችው። ኮሚቴው ጥፊውን ያሳለፈው «አሉታዊ ተግባር ስለሆነ» ነው።

ከዓመት በኋላ ለድራማ ጸሐፊዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ተጋበዝን። አሠልጣኙ ዶክተር ነበሩ። የሥልጠናው ርእስ «ውስብስብ ገጸ ባሕርያትን መፍጠር» ሲሆን ምሳሌው ይማም ነው። «አሉታዊ ገጸ ባሕርይም ሰው ነው፤ ያለቅሳል» እያሉ ያንን ቅጂ አሰሙ፤ ሳቁ ለቅሶ የሚሆንበትን። አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሼ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ እሱም አጨበጨበ፤ ተዋናይ ነውና ከሌላው ሰው በላይ አሳምሮ ነው ያጨበጨበው።

የሐይቋ ልጅ አሁን ለቴሌቪዥን ትጽፋለች፤ ክፍያውም የተሻለ ነው። እኔ እዚያው ነኝ። አዲሱ ሥራችን ስለ አራጣ አበዳሪዎች ሲሆን፣ ከይማም በተገኘው ልምድ መሠረት ለእያንዳንዱ አሉታዊ ገጸ ባሕርይ የሚሞላ ቅጽ ተዘጋጅቶልናል። አራተኛው ሣጥን «መልካም ጎኖች (ቢያንስ ሁለት)» ይላል። ለአበዳሪው «ለእናቱ መድኃኒት ይገዛል፤ ድመት ይወዳል» ብዬ ሞልቼ ላክሁ። ባለፈው ሐሙስ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት ተመለሰ፦ «ድመቷ ከድራማው መልእክት ጋር ያላት ግንኙነት ይብራራ።»