ዓርብ ወደ ነታንያ የምትሄዱ፣ መመለሻችሁን አስቀድማችሁ እወቁ

ሐምሌ 2015 ለሁለት ሳምንት ስልጠና ቴል አቪቭ ነበርኩ። ዓርብ እረፍት ሆነልንና የእስራኤሏን የባሕር ዳር ከተማ ነታንያን አይቼ ልምጣ አልኩ። ባሕሩ ቴል አቪቭም አለ፤ እኔን የሳበኝ ግን ገደሉና የእኛ አገር ሰዎች በብዛት ይኖሩባታል የሚባለው ነበር።

መሄዱ ቀላል ነው። ራቭ ካቭ የሚሉት የመጓጓዣ ካርድ ላይ ገንዘብ አስሞላሁ፣ ባቡር ያዝኩ፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ደረስኩ። ጣቢያው ከባሕሩ ሩቅ ስለሆነ በዚያ ፀሐይ በእግር አትሞክሩት። የአውቶቡስ ሹፌር ጥሬ ብር አይቀበልም፤ ካርዱን ቀድማችሁ ሙሉ።

ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1929 የተቆረቆረች ናት፤ ስሟም ናታን ስትራውስ ከሚባል አሜሪካዊ በጎ አድራጊ የመጣ ነው። ከነጻነት አደባባይ ትንሽ እንደተራመዳችሁ መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ ከታች ባሕር ነው። ሲሮኒት ወደሚባለው ዳርቻ በመስታወት አሳንሰር ይወረዳል። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ነጭ ባንዲራ ከሰቀሉ ባሕሩ ሰላም ነው፣ ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ከሆነ መዋኘት ክልክል ነው። በሐምሌ ጄሊፊሽ ይመጣል። እኔንም ክንዴን ለበለበኝ። በባሕሩ ውሃ እጠቡት እንጂ የቧንቧ ውሃ አታስነኩት።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ልምጣ። ጠዋት ስወጣ ያረፍኩበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ «የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ስጠይቀው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «እስከ እኩለ ሌሊት አለ» አለኝ። የነገረኝ የአዘቦቱን ቀን ነው። ዓርብ መሆኑን እያወቀ፣ እንግዳ መሆኔን እያወቀ! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በእርሱ ብቻ ግን አልፈርድም። ሰንበት የሚለውን ቃል ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ ሰው፣ ሰንበት በሚከበርበት አገር «ሰንበት መቼ ይገባል?» ብዬ አልጠየቅኩም።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከባሕሩ ወጣሁ። ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላለች። ሱቆቹ ግን ተዘግተዋል፤ ቅድም ሰው ሲጋፋበት የነበረው መንገድ ጭር ብሏል። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆምኩ። እግሬ ላይ አሸዋው ደርቆ ያሳክከኛል፣ ክንዴ ያቃጥለኛል፣ የስልኬ ባትሪ 9 በመቶ ላይ ነው።

ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ፌስታል ይዘው ሲያልፉ ቆም ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

በአማርኛ! እንባዬ መጣ። «አውቶቡስ ነው እማማ። ወደ ባቡር ጣቢያው።»

«ኧረ ልጄ፣ ሰንበት ሊገባ አይደል? ባቡሩም አውቶቡሱም ቆሟል። እስከ ነገ ማታ የለም።»

ጎንደሬ ናቸው፤ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ከፌስታሉ አፍ የዳቦ ጠርዝ ይታያል፣ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ እኔ ጋ ይደርሳል። «ነይ ግቢ፣ ቤቴ እዚሁ ነው። እደሪና ነገ ማታ ትሄጃለሽ» አሉኝ። እኔ ደግሞ «አላስቸግርዎትም» አልኩ። በማግስቱ ቅዳሜ ምንም ሥራ አልነበረኝም። ለምን እንቢ እንዳልኩ አሁንም አላውቅም። ሁለት ጊዜ ለመኑኝ፤ በሦስተኛው «በይ እንግዲህ፣ ያግባሽ» ብለው ታክሲ የሚቆምበትን ጥግ ድረስ ወስደው አሳዩኝ።

ባለታክሲው 400 ሰቅል ጠየቀኝ። ተከራክሬ በ350 ተስማማን። ጠዋት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በጥቂት ሰቅል ሄጄ ነበር። ለሰንበት የታክሲው ታሪፍ ራሱ ከፍ እንደሚል ኋላ ነው ያወቅኩት፤ ስለዚህ ሜትር አስቆጥሩ፣ በቃል አትስማሙ።

የጉዞ መጽሐፎቹ ዓርብና ቅዳሜ ከተማዋ ሞቅ ትላለች ብለው ይመክራሉ። እኔ አልስማማም። መኪና የሌለው ሰው እሑድ ይሂድ። እዚያ እሑድ የሥራ ቀን ስለሆነ መጓጓዣው ሙሉ ቀን አለ፣ ዳርቻውም ጋብ ይላል። የግድ ዓርብ ከሆነባችሁ ማለዳ ሂዱና ከቀትር በፊት ተመለሱ። የባቡሩን ሰዓት ስታዩ ቀኑን ዓርብ ብላችሁ ምረጡ፤ የሆቴል ሰው ቃል አይበቃም።

350 ሰቅሉን እየረሳሁት ነው። የእኚያን እናት ስም ሳልጠይቅ መለየቴን ግን አልረሳሁትም።