«ጉዳዩ የባህል ነው» ይሉኝ ነበር

በቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በፕራግ የምኖር ኢትዮጵያዊ እንደመሆኔ፣ የአገሬውን ፖለቲካ መተቸት የእንግዳ ሥራ አይደለም ብዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብያለሁ። የውጭ አገር ዜጋ ለምክር ቤት ምርጫ ድምፅ ስለማይሰጥ፣ የመራጩን ውሳኔ መመዘንም አይገባውም የሚለው ክርክር ውኃ የሚያነሣ ይመስለኝ ነበር። ይሁንና ግብር የምከፍልበትና ልጆቼን የማሳድግበት አገር ስለ መጤዎች የሚነጋገርበት ቃና ሲለወጥ እያየሁ ዝም ማለቱ ከብዶኛል።

እኔ ቼኮችን የወደድኩት በታሪካቸው ምክንያት ነው። በኦገስት 1968 በሶቪየት ኅብረት የሚመራው የዋርሶ ቃል ኪዳን ታንኮች አገራቸውን ሲወርሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኦስትሪያ፣ ወደ ምዕራብ ጀርመንና ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደዱ፤ የተቀበሏቸውም አገሮች ሃይማኖታቸውንና ልማዳቸውን አልመረመሩም። በ1989 ደግሞ በዚያው ዓመት እስር ቤት የነበረው የኮሚኒስቱ መንግሥት ተቃዋሚ ጸሐፌ ተውኔት ቫስላቭ ሃቬል ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት ሆነ። አብዮት ሲባል ቀይ ሽብርን ለምናስታውስ ለእኛ፣ በአደባባይ ቁልፍ በማንቃጨል መንግሥት መለወጡ ተረት ነበር የሚመስለው።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣው በ2015 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሚኒስትሮች ጣሊያንና ግሪክ የደረሱ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ለአባል አገሮች ለማከፋፈል ሲወስኑ ቼክ ሪፐብሊክ ተቃውማ ድምፅ ሰጠች፤ በመጨረሻም በኮታው መሠረት የተቀበለችው 12 ሰዎችን ብቻ ሲሆን፣ በ2020 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ግዴታዋን አልተወጣችም ሲል ፈረደባት። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሚሎሽ ዜማን የስደተኞቹን ፍልሰት የተደራጀ ወረራ ብለው ጠሩት። በብረስላቭ ባቡር ጣቢያ ፖሊሶች ከባቡር ባወረዷቸው ስደተኞች እጅ ላይ በብዕር ቁጥር ሲጽፉ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዓለምን ሲያዞር፣ በዚህች አገር ታሪክ ውስጥ ናዚዎች በካምፕ እስረኞች ክንድ ላይ ይነቅሱት የነበረውን ቁጥር የማያስታውስ ሰው ይኖራል ብዬ ማሰብ አልቻልኩም።

ወዳጆቼ ግን ማብራሪያ ነበራቸው። ጉዳዩ የባህል ነው፤ እኛ ትንሽ ሕዝብ ነን፤ የሚመጣው ሰው ሠርቶ ከኖረና ቋንቋችንን ከተማረ ችግር የለብንም ይሉኝ ነበር። ለማስረጃም በሶሻሊስቱ ዘመን ለሥራና ለትምህርት መምጣት የጀመሩትንና ዛሬ በየሠፈሩ ሱቅ የያዙትን ቬትናሞች ይጠቅሱልኛል። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ቃላቸውን በተግባር አሳዩ። ቼክ ሪፐብሊክ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ከኅብረቱ አገሮች ሁሉ በብዛት ዩክሬናውያንን ካስጠለሉት ተርታ ተሰለፈች። ሰዎች ቤታቸውን ከፈቱ፤ የማላውቃቸው አሮጊቶች ብርድ ልብስ ተሸክመው ወደ ባቡር ጣቢያ ሲሄዱ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ባህል ያሉት ነገር እውነተኛ ምክንያታቸው እንደሆነ አመንኩ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የፕራጉ የቫስላቭ አደባባይ በፖሊስ ግምት 70,000 ገደማ በሚሆን መንግሥትን የሚቃወም ሰልፈኛ ተሞላ። የዋጋ ንረቱ 18 በመቶ ደርሶ ስለነበር በመብራትና በጋዝ ሒሳብ የተማረረውን ሰው መውቀስ ይከብዳል። ያስደነገጠኝ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የመጣው ንግግር ነው። ዩክሬናውያኑ ነጭ ናቸው፤ ስላቭ ናቸው፤ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ቼክኛ ተናግረዋል፤ ሠራተኛ በጠፋበት አገር ሥራ ይዘዋል። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ራሱ ከዩክሬናውያኑ በግብርና በመድን መዋጮ የሚገባው ገንዘብ ለእርዳታ ከሚወጣው እንደሚበልጥ አስታውቋል። ሆኖም በ2015 ስለ ሶርያውያን የሰማሁትን ያንኑ ክስ፣ ድጎማ ይበላሉ፣ በሐኪም ቤት ወረፋ ይቀድሙናል፣ ወንጀል ያመጣሉ የሚለውን፣ አሁን ስለ እነርሱ እሰማለሁ። እንግዲያው የባህሉ ጉዳይ የት ሄደ?

በጃንዋሪ 2023 ጡረታ የወጡት ጄኔራል ፔትር ፓቬል ሕዝበኛውን ቢሊየነርና የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር አንድሬ ባቢሽን በ58 በመቶ ድምፅ አሸንፈው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ትንሽ ተንፍሼ ነበር። በኦክቶበር 2025 በተካሄደው የምክር ቤት ምርጫ ግን የባቢሽ ፓርቲ አንደኛ ወጣና መጤን ከሚቃወመው የቶሚዮ ኦካሙራ ፓርቲና ሞተሪስቶች ከሚባለው የቀኝ ክንፍ ፓርቲ ጋር ተጣመረ። ኦካሙራ አፈ ጉባኤ ሆነው እንደተመረጡ ወዲያው ያደረጉት የዩክሬንን ባንዲራ ከምክር ቤቱ ሕንፃ ማስወረድ ነው። ሰውየው ቶኪዮ የተወለዱ፣ በአባታቸው በኩል ከጃፓንና ከኮርያ የሚወለዱ መሆናቸውን ሳስብ፣ የመጤ ጥላቻ መሪ ለመሆን መጤ መምሰል እንኳ እንደማይከለክል እረዳለሁ።

ባቢሽን የመረጠ ሁሉ መጤን ይጠላል አልልም፤ ጡረተኛዋ ጎረቤቴ ለምሳሌ ስለ ጡረታዋ ብቻ ብላ ነው የመረጠችው። እኔን የሚያደክመኝ የተማሩት ወዳጆቼ ናቸው። በምሳ ሰዓት ስለ መጤዎች ያሻቸውን ተናግረው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረው «አንተን ማለታችን አይደለም» ይሉኛል። ይህን የሚሉት በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ቬትናሞችም ዩክሬናውያንም በየተራቸው እንዲሁ ተብለዋል፤ የዩክሬናውያኑ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳልቆየም አይቻለሁ።

የቼክ ዜግነት ለመጠየቅ የሚያስፈልገውን የቋንቋ ፈተና አልፌያለሁ። የቼክ ሕግ ከ2014 ጀምሮ ጥምር ዜግነትን ቢፈቅድም የኢትዮጵያ ሕግ ስለማይፈቅድ፣ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ይኖርብኛል። ባለቤቴ ለልጆቹ ሲባል ማመልከቻውን እንድናስገባ ትፈልጋለች፤ ምክንያቷም ጠንካራ ነው። እኔ ግን የትውልድ አገሬን ዜግነት «አንተን ማለታችን አይደለም» በሚል ዋስትና ለመለወጥ ስላልቆረጥኩ፣ ለጊዜው በቋሚ መኖሪያ ፈቃዴ መቆየትን መርጫለሁ።