ለሥራ ጎንደር የሚያድር ሰው

በጎንደር ሆቴል የገነቡ ባለሀብቶች አብዛኞቹ ሲገነቡ በሐሳባቸው የያዙት ቱሪስትን እንደነበረ ክፍሎቹን ያየ ሁሉ ይረዳል። መስኮቱ ወደ ፋሲል ግንብ ወይም ወደ ዙሪያው ተራራ ይዞራል፣ በረንዳው ወንበር ያስዘረጋል፣ ግድግዳው ላይ የጥምቀት ፎቶግራፍ አይጠፋም፤ ጠረጴዛው ግን አንድ የቡና ሲኒና አንድ ስልክ ከተቀመጠበት ሞላ ማለት ነው። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ከተማዋን ይጎበኝ የነበረው የውጭ አገር እንግዳ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት አድሮ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ አክሱም የሚያልፍ ስለነበር፣ ለእርሱ የመጻፊያ ጠረጴዛ ማዘጋጀት የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም። ፍርዳቸውም በጊዜው ትክክል ነበር።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። በመጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ጎብኚውን አራቀው። ዛሬ በአዘቦት ቀን የአንድን መካከለኛ የጎንደር ሆቴል የቁርስ አዳራሽ የቃኘ ሰው የሚያገኘው የሆስፒታል መሣሪያ ሊጠግን የመጣ ቴክኒሻንን፣ የመድኃኒት አስመጪ ወኪልን፣ ሥልጠና ለመስጠት የመጣ የግብረ ሠናይ ድርጅት ባለሙያን፣ ዩኒቨርሲቲው የጋበዘውን የውጭ ፈታኝ መምህር፣ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ በመተማ መስመር የሚመላለሰውን የሰሊጥ ነጋዴ ነው። እነዚህ ሰዎች ሳምንትና ከዚያ በላይ ያድራሉ፣ በዓመቱ ውስጥም ተመልሰው ይመጣሉ። ለአንድ ሌሊት ጎብኚ የተሠራ ቤት ውስጥ ሳምንት ሲያድሩ ምን እንደሚያጋጥማቸው መጻፍ የፈለግሁት እኔም ከእነርሱ አንዱ ስለሆንኩ ነው።

የምሠራው በሒሳብ ምርመራ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ሒሳባቸውን አዘጋጅተው ግብራቸውን እስከ ጥቅምት 30 እንዲያሳውቁ ስለሚጠበቅ፣ የእኛ ሥራ የሚበዛው በእነዚህ አራት ወራት መካከል ነው። በሌላ አነጋገር ጎንደርን በተደጋጋሚ የማውቃት ቱሪስት በማይመርጣት ወቅት፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውስጥ ነው። የጠዋቱ በረራ በደመና ምክንያት ሲዘገይ፣ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ በጎርፍ ሲጨናነቅ፣ የታጠበ ሸሚዝ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ተሰቅሎ አልደርቅ ሲል የሚያገኘኝ በዚያ ጊዜ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች የክረምቱ ሌሊትም ቀላል አይደለም፤ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ሳይጠየቅ ቁም ሣጥን ውስጥ አጥፎ የሚያስቀምጥ ሆቴል በእኔ ዘንድ ቀድሞ ነጥብ አግኝቷል።

ዋናው ፈተና ግን ውኃ ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ ስትጠቀምበት የኖረችው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ የሚይዘው ውኃ ስለቀነሰና የሕዝቡ ቁጥር ደግሞ ስለጨመረ፣ ቧንቧው በፈረቃ እንጂ ሁልጊዜ አይፈስም። (ውጭ ዶፍ እየወረደ፣ መስኮቱ እየታጠበ፣ ውስጥ ቧንቧው ሲያፏጭ መስማት የክረምት ጎንደር ልዩ ትርኢት ነው።) ስለዚህ እያንዳንዱ ሆቴል ምድር ላይ ገንዳ፣ ጣሪያ ላይ ሮቶ አለው፤ ሲያልቅበትም በቦቴ ይገዛል። ተመላላሽ እንግዳ ከጊዜ ብዛት የሚማረው «ውኃ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም እንደሌለው ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነውና። የሚጠቅመው ጥያቄ ውኃውን ከገንዳው ወደ ጣሪያ የሚገፋው ፓምፕ ከጄኔሬተሩ ጋር ተያይዟል ወይ የሚለው ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ መተላለፊያውንና የእንግዳ መቀበያውን ብቻ የሚያበራ ከሆነ፣ ገንዳው ሞልቶ እያለ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው በጀሪካን ይታጠባል። የሕክምና መሣሪያ የሚጠግነው ወዳጄ ከዚህ የተነሣ መልክዓ ምድሩን ትቶ ሁልጊዜ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ይጠይቃል፤ እኔም ከእርሱ ወርሼዋለሁ።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ሆቴሎች ያሳዩኝን ልዩነት ላንሣ፤ የሁለቱንም ስም አልጠራም። የመጀመሪያው አዲስ ነው፤ የመግቢያው ወለል እብነ በረድ፣ ሊፍቱ መስታወት፣ የክፍሉ በር በካርድ የሚከፈት። ማታ ከሥራ ስገባ ቧንቧው ደርቆ ስላገኘሁት ወደ እንግዳ መቀበያው ደወልኩ። «አሁን ይመጣል፣ ጋሼ» አሉኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላም «አሁን ይመጣል» ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት የፅዳት ሠራተኛዋ ሁለት ጀሪካን ይዛ ስትመጣ ፓምፑ ከተበላሸ ቀናት እንዳለፉት የነገረችኝ እርሷ ናት። ሁለተኛው ከፒያሳ ብዙ የማይርቅ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ምንጣፉም ዘመን ያለፈበት ነው። እዚያ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ገና ቢሮ ሳለሁ፣ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ በስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ የእኛ ፈረቃ አይደለም፤ ያለን ውኃ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያደርሰናል። ገላዎን የሚታጠቡ ከሆነ ቀደም ብለው ቢገቡ፤ ቦይለሩን ከአሁኑ ላብራልዎት?» አለችኝ። ውኃው በሁለቱም ቤት እኩል ጎድሏል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የማድረው በሁለተኛው ነው፤ የቁርስ ጠረጴዛ ላይ የማገኛቸው ተመላላሾችም ሆቴላቸውን የመረጡበትን ምክንያት ስጠይቃቸው በየራሳቸው መንገድ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው። ሳምንት የሚያድር ሰው ቀኑን የሚያቅደው በሚነገረው ላይ ተመሥርቶ ነው፤ «የለም» የሚል ቀጥተኛ ቃል በጊዜው ከደረሰው መላ አያጣም።

ጠረጴዛውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ከአዳራሹ አንድ የስብሰባ ጠረጴዛ እንዲያወጡልኝ ጠይቄ እምቢ ያለኝ ሆቴል የለም፤ ዲቫይደር ግን ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል፤ ሶኬቱ አንዱ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ሌላው መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ነውና። ዋይፋይ በእንግዳ መቀበያው አካባቢ ጥሩ ነው፣ ወደ ክፍል ሲወጡ ይሳሳል፤ የሞባይል ዳታ ይዞ የማይመጣ ኦዲተር ሥራውን ሎቢ ውስጥ ተቀምጦ ሊጨርስ ነው።

ደረሰኝ ግን ለብቻው ሊወራለት የሚገባ ጉዳይ ነው። ለሥራ የሚጓዝ ሰው የአልጋ ወጪውን መሥሪያ ቤቱ የሚተካለት በደረሰኝ ሲሆን ምግቡን ግን ከውሎ አበሉ ነው የሚችለው። ስለዚህ የምግቡ፣ የልብስ እጥበቱና የአልጋው ሒሳብ በአንድ ደረሰኝ ተጠቅልሎ ሲመጣ፣ ሒሳብ ክፍሉ «የትኛው የአልጋ ነው?» ብሎ መልሶ ይልከዋል። በላዩ ላይ የተነገረውና የሚከፈለው ዋጋ ይለያያል፤ 2,000 ብር የተባለ ክፍል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 2,200፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 2,530 ብር ይሆናል። በስልክ ሲጠየቅ ዋጋውን «ሁሉንም አጠቃሎ» ነው ወይስ ሳይጨምር ነው ማለት የግድ ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ገንዘብ ተቀባዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለ ደረሰኝ ቢሆን እንደሚቀነስ ሊጠቁም ይችላል፤ ይህን ለሒሳብ መርማሪ ማቅረቡን አለማወቁ ብቻ ነው የሚያስቀኝ።

አሁን በማድርበት ሆቴል ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ይህን ሁሉ ያወቀችው ማንም አስተምሯት አይመስለኝም፤ የእኛን ዓይነት እንግዶች ስታስተናግድ የለመደችው ነው። የድርጅቴን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በደብተሯ ጽፋ አስቀምጣለች። መልቀቂያዬ ቀን ከመድረሱ በፊት በዋዜማው ምሽት፣ መብራት ሳይጠፋ፣ የአልጋውን ለብቻ የምግቡን ለብቻ ከማሽኑ ታወጣና ሁለቱንም ፎቶ ኮፒ አድርጋ ዋናውን ከኮፒው ጋር በስቴፕለር ታያይዛለች። ፎቶ ኮፒው ለምን እንዳስፈለገ መጀመሪያ ስጠይቃት፣ «የማሽኑ ወረቀት ይደበዝዛላ፣ ጋሼ። እናንተ ሒሳቡን እስክትዘጉ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል» አለችኝ። እውነቷን ነው። በምርመራ ሥራ ላይ ስንት ጊዜ ጽሑፉ የጠፋ ደረሰኝ ይዘው የተከራከሩኝ ሰዎች እንዳሉ ሳስብ፣ በሙያ ዘመኔ ያየሁት የተሻለ የሰነድ አያያዝ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ምግቡ ስመጣ፣ የእኔ የሥራ ወቅት ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገናኛል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጎንደር በሙሉ ልቧ ትጾማለች፤ ብዙ ምግብ ቤቶች ፍስክ ጨርሶ አይሠሩም፤ የሆቴል ወጥ ቤት ግን ጾመኛውንም የማይጾመውንም፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ጠረጴዛ ማስተናገድ አለበት። ጥሩ ወጥ ቤት ያለው ሆቴል በዚህ ወቅት ይታወቃል። እንቁላል የሚፈልግ እንግዳ ማታ ካላዘዘ ጠዋት እንደማያገኝ ቀድመው ይናገራሉ፤ ለጾመኛው ደግሞ በየቀኑ ያንኑ ሽሮ ከማቅረብ ይልቅ የሽንብራ ዓሣ፣ ተልባ ፍትፍት፣ ሱፍ ፍትፍት እያፈራረቁ ያቀርባሉ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ቁርሱ ከአልጋው ዋጋ ጋር ተከፍሎበት ሳይበላው ስለሚቀር፣ ያን ቁርስ ወደ ከሰዓት ምሳ የሚለውጥለት ሆቴል ማግኘቱን እንደ ትልቅ ነገር ያወራዋል። በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ለአሥራ አምስት ቀናት ያልተበላ ቁርስ መክፈል ቀላል ወጪ አይደለም።

በአሁኑ የጸጥታ ሁኔታ ከመሸ በኋላ ርቆ መሄድ ስለማይመከርና ባጃጅም በቀላሉ ስለማይገኝ፣ እራት የሚበላው እዚያው ነው። ይህ ጉዳት ብቻ አይደለም። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሎቢው ውስጥ ጀበናው ይቀርባል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ያሳያል፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የምንገናኝ ሰዎችም እንደ ጎረቤት ጤናና ልጆች እንጠያየቃለን። የትኛው ክፍል ከሠርግ አዳራሹ በላይ እንደሆነ፣ የትኛው ሆቴል ፓምፑን እንዳስጠገነ የሚታወቀው እዚህ ነው። የአዳራሹ ነገር ቀላል አይደለም፤ በሥራ ቀን ሥልጠና ያስተናግዳል፣ የሠልጣኙ ብዛት ቁርሱን ከጠዋቱ 1፡30 በፊት ያሟጥጠዋል፤ በሠርግ ወራት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ድምፅ ማጉያው እስከ እኩለ ሌሊት አይተኛም። ሆቴሉ ከአዳራሹ የሚያገኘው ገቢ ከእኛ ስለሚበልጥ ቅሬታ ብዙ አያስኬድም፤ ክፍል ሲያዝ ከአዳራሹ በተቃራኒ በኩል እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። የሌሊቱ ማኅሌትና የንጋቱ ቅዳሴ ድምፅስ የሚሉ አሉ። በአርባ አራቱ ታቦታት ከተማ ይህን ሊያማርር የሚፈልግ ሰው ሥራውን ሌላ ከተማ ቢፈልግ ይሻላል።

የሥራ እንግዳና ሆቴል የማይስማሙበት አንድ ሳምንት ቢኖር የጥምቀት ሳምንት ነው። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ፣ ከጥር 10 እስከ 12፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ለማየት ከመላው አገሪቱና ከውጭ የሚመጣው ሕዝብ አልጋውን ሁሉ ይይዘዋል፣ ዋጋውም ይንራል። ዓመቱን ሙሉ ሆቴሉን የያዘው የሥራ ደንበኛ በዚያ ሳምንት በውል የተያዘለት ዋጋ ሲነሣበት፣ አንዳንዴም ሻንጣውን አውጥተው ሲያስቀምጡበት ይከፋዋል። ሆቴሉም ቢሆን ከጎብኚ የሚያገኘው በዓመት ያቺን ሳምንት ብቻ ሆኖ በሰነበተባቸው ዓመታት አትጠቀምባት ሊባል አይችልም። የእኛ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ያገኘው መላ ጉዳዩን አስቀድሞ በውሉ ውስጥ ማስፈር ነው፤ ከድርጅታችን ጋር የተፈራረመው ስምምነት ቅናሹ ከጥር 8 እስከ 13 እንደማይሠራ በግልጽ ይላል፣ በአንጻሩ በእነዚያ ቀናት ክፍል የያዘ የሥራ ደንበኛ ለሌላ ሰው ሲባል እንደማይነሣ ይደነግጋል። ዘንድሮ ውሉን ስናድስ ሁለቱንም አንቀጾች እንዳሉ አስቀጥለን፣ የፍልሰታውን ቁርስ ወደ ምሳ የመለወጥ መብት ጨምረንበታል።