ባንዱን የት እናስቀምጠው? ከሦስት ትርኢት በኋላ የደረስኩበት

ባለፈው እሁድ ሦስተኛ ሥራችንን አሳየን። ማሳረጊያው ዘፈን ላይ 14 ተዋናይ እኩል ገባ፣ እኩል ጨረሰ። ከኪቦርዴ ቀና ብዬ ሳያቸው ዕንባዬ መጣ። ሁለት ዓመት የለፋነው ለዚህ ነበር። እዚህ ለመድረስ ባንዱን ሦስት ቦታ አዘዋውረናል። እናንተም ክበብ ውስጥ ሙዚቃዊ ቴአትር የምትሠሩ ከሆነ የኛን ድካም አትድገሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ የወጣት ማዕከል ነው፣ 200 ሰው ገደማ ይይዛል። የመድረኩ ወርድ 8 ሜትር ነው። ባንዱ ውስጥ 6 ነን፦ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ ሳክስፎን፣ ክራር፣ ማሲንቆ። ኪቦርድ የምጫወተውም ባንዱን የምመራውም እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ትርኢት ላይ ከመድረኩ ፊት፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ትልልቅ ቴአትር ቤቶች እዚያ ቦታ ላይ ለኦርኬስትራ የተዘጋጀ ጉድጓድ አላቸው፣ እኛ ያለን ሲሚንቶ ነው። ፊት የተቀመጡት ድራም እንጂ ግጥም አልሰሙም። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፣ "ልጅቷ ምን ብላ ነው ያለቀሰችው?" አለችኝ። ያ ቦታ በዚሁ ቀረ።

ለሁለተኛው ሥራ ከጀርባው መጋረጃ ኋላ ገባን። ሐሳቡ የኔ ነበር። አዘጋጃችን "ተዋናዮቹ እንዴት ያዩሃል?" ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። መድረኩ ለተዋናዮቹ ሰፋ፣ ድራሙ ታፈነ፣ ደስ አለኝ። ልምምድ ስንጀምር ግን መሪ ተዋናይቷ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ትቀራለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ "ቁጠሪ፣ ምቱን አትልቀቂ" እያልኩ ጮህኩባት፣ ያውም ሰው ፊት። አንድ ቀን አረፈደች። እስክትመጣ ብዬ እሷ የምትቆምበት ቦታ ላይ ቆምኩና ልጆቹን "ምቱ" አልኳቸው። ማጨብጨብ ጀመርኩ። ድራመሩ ከመጋረጃው ጀርባ "ኧረ ወደ ኋላ እየቀረህ ነው" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍራሙ መጋረጃ የባንዱን ድምፅ ይውጠዋል። ስፒከሮቹ ደግሞ መድረኩ ጫፍ ላይ ሆነው ወደ ሕዝቡ ዞረዋል። ስለዚህ እሷ ጋ ጎልቶ የሚደርሰው ከስፒከሩ ወጥቶ፣ የአዳራሹን የኋላ ግድግዳ መትቶ የተመለሰው ድምፅ ነው። እስከ ግድግዳው 18 ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 36። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስታሰሉት ሙዚቃው ጆሮዋ የሚገባው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ዘግይቶ ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ ፈጠን ያለ ችክችካ ላይ ግን ከበሮውና እስክስታ የሚወርደው ትከሻ ይለያያሉ። ልጅቷ የሰማችውን ምት ጠብቃ ነበር የምትዘፍነው። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ እሱንም ሰው ፊት።

ጀርመን ባይሮይት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1876 የተከፈተው የኦፔራ ደራሲው የዋግነር ቴአትር ቤት ኦርኬስትራው መድረኩ ሥር ተደብቆ፣ ከላይም ተሸፍኖ ነው የሚጫወተው። ተመልካቹ አንድም ሙዚቀኛ አያይም። እዚያ የሚሠሩ ኮንዳክተሮችም ዘፋኙንና ኦርኬስትራውን ማገጣጠም ከባድ ነው ይላሉ። ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ።

ቦታ ለመቀየር ጊዜ አልነበረንም። በስልክ ቪዲዮ እጄን ለማሳየት ሞከርን፣ ምስሉ ዘግይቶ ይመጣል። ብሉቱዝ ስፒከር መድረኩ ላይ አስቀመጥን፣ እሱም ይዘገያል። ለሞኒተር፣ ማለትም ተዋናዮቹ ባንዱን ለሚሰሙበት ስፒከር፣ ብሉቱዝ የምትጠቀሙ ካላችሁ ዛሬውኑ ተዉት። ያዳነን አንዱ ልጅ ከአጎቱ ሱቅ ያመጣው የጥበቃ ካሜራ ነው፣ የድሮው ባለ ሽቦ። ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘነውና ቴሌቪዥኑን መድረኩ ሥር፣ ፊቱን ወደ ተዋናዮቹ አድርገን አስቀመጥነው። እጄ ሲነሳ ወዲያው ያዩታል። ባንዱን የግድ መደበቅ ካለባችሁ ሽቦ ግዙ እንጂ ሌላ አልመክርም።

አሁን ያለነው ከተመልካቹ በስተግራ፣ መድረኩ ጎን ነው። ኪቦርዱን አግድም አዙሬ ተዋናዮቹን አያለሁ፣ እነሱም አንገታቸውን ትንሽ መለስ ካደረጉ ያዩኛል። ድራሙ ጥግ ይዟል፣ ሥሩ ምንጣፍ፣ ከኋላውና ከጎኑ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። የቤዙን አምፕሊፋየር ወንበር ላይ አውጥተን ወደ ተጫዋቹ ጆሮ አስጠጋነው፣ ከዚያ በኋላ ድምፁን ራሱ ቀነሰው። አንድ ሞኒተር ከመድረኩ ማዶ አለ። የኖታ መብራቶቹን በሰማያዊ ፕላስቲክ ሸፈንናቸው፣ አለበለዚያ የጨለማው ትዕይንት ይበላሻል።

ከሁሉም የምወደው ግን የማሲንቆው ነገር ነው። ሁለተኛው ገቢር ላይ በትዝታ ቅኝት የሚሄድ፣ ቋሚ ምት የሌለው ዘፈን አለን። እሱ ላይ ቆጠራ አይሠራም። ማሲንቆው የዘፋኟን ትንፋሽ ጠብቆ ነው የሚከተላት፣ ከጎን ሆኖ ደግሞ አልሆነለትም። አዘጋጁ "ታዲያ እሱ ለብቻው መድረክ ላይ ይውጣ" አለ። ይህን ጊዜ ሰማሁት። ጋቢ ለብሶ ደጅ ላይ የተቀመጠ ጎረቤት ሆነ፣ ከሷ 2 ሜትር ቢርቅ ነው። አዝማሪ ቤትስ እንዲህ አይደል? አዝማሪው ሰው መሃል ቆሞ ዓይን ዓይን እያየ ነው የሚጫወተው። ባንድ ሁሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት ያለው ማነው?

እሁድ ዕለት ዘፋኟ አንዲት ቃል ላይ ልምምድ ላይ አድርጋው የማታውቀውን ያህል ቆየች። ደጋኑ ከጭራው ላይ ተነስቶ አየር ላይ ቆመ። ልጁ ትከሻዋን እያየ ነው። ትከሻዋ ከፍ ሲል ደጋኑ ወረደ። አዳራሹ ጭጭ ብሎ ነበር። ፕሌይባክ (ቀድሞ የተቀዳ ሙዚቃ) ይቀላል የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ፣ ፕሌይባክ ግን እንዲህ አድርጎ ሰው አይጠብቅም።

ያልተፈታው ሳክስፎኑ ነው። በስተግራ ፊት የተቀመጡት ሰዎች ላይ በቀጥታ ይጮኻል፣ ሦስት ሰው ቦታ ቀይሯል። ረቡዕ ልምምድ ላይ ከድራሙ አጠገብ አድርገን አፉን ወደ ብርድ ልብሱ አዙረን እንሞክረዋለን። ሌላ መላ ያገኘ ካለ ከረቡዕ በፊት ይንገረኝ።