ኮፒ ቤት ያገኘሁት ደመወዛችን

ዛሬ ጠዋት ቢሮ መብራት ጠፋ። የደመወዝ ሊስቱ ደግሞ ከምሳ በፊት ተፈርሞ ባንክ መድረስ አለበት። ጄኔሬተር አያጡም ብዬ ጎንደር ፒያሳ ካሉት ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ሮጥኩ።

ልጁ «በቴሌግራም ላኪው የኔ እህት» አለኝና የዳውንሎድ ፎልደሩን ከፈተ። ጉድ ነው! የሰው መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የቤት ሽያጭ ውል... ወረድ ሲል የኛው መሥሪያ ቤት የሚያዝያ ደመወዝ። ስም፣ የሂሳብ ቁጥር፣ የብድር ተቆራጭ ሳይቀር። የላክሁት ራሴ ነኝ! ያኔ ከቴሌግራም ለሁለታችንም አጥፍቼው ስለነበር ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ለካ ኮምፒውተሩ ላይ የወረደውን ኮፒ አይነካውም። ለምኜ አስጠፋሁት፣ ሪሳይክል ቢኑንም አስጠረግሁ። (በልጁ አልፈርድም፣ በቀን ስንቱን ያስተናግዳል።)

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ እኛ ግን አሁንም የሰው ደመወዝ በፍላሽ ይዘን እንዞራለን።

መብራት ሲመጣ ኤክሴሉን ፓስወርድ አስገባሁበት። ፋይል፣ ኢንፎ፣ ፕሮቴክት ወርክቡክ፣ ከዚያ ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ። ደቂቃ አይፈጅም። እዚያው ያለው ፕሮቴክት ሺት ግን እንዳይነካካ እንጂ እንዳይታይ አያደርግም፤ እኔም ስንት ዓመት በሱ ስሸወድ ኖሬያለሁ።

ፋይሉን ለአለቃዬ ላክሁላቸው። «ፓስወርዱንስ? እዚያው ጻፊልኝ እንጂ» አሉኝ። እምቢ ብዬ በስልክ ነገርኳቸው። «የመንግሥት ሚስጥር አደረግሽው እኮ!» ብለው ሳቁብኝ።

እስካሁን ሁለቴ ደውለዋል። ረስተውት።